አጥሩ መጣ፣ ቱቦው ታጠፈ

እናቴ ያን ሌሊት እስኪነጋ ስትስል አደረች። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ተጋድሜ እያንዳንዱን ሳል እቆጥር ነበር። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮን የሚፍቅ። ጠዋት ምን ሆንሽ ስላት «ብርድ መታኝ መሰለኝ» አለችኝ። ብርድ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ያመጣሁባት እኔው ነኝ። ይኸው ዓመት ቢያልፈውም ያ ሳል ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ቀበና ባለው የቤተሰባችን ቤት የኩሽናው ሲንክ ውሃ አላሳልፍ አለ። መጀመሪያ ዘገየ። ቀጥሎ ሰሃን አጥበን ስንጨርስ ቅባት የያዘ ውሃ ተኝቶ መቅረት ጀመረ። ቤቱን አያቴ ናቸው በ1957 ዓ.ም. ያሠሩት። እናቴ በ1962 ሙሽራ ሆና ገባችበት፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አደግኩ። የቤቱን በር በጨለማ በዳሰሳ አገኘዋለሁ። ጣውላው የት ጋ ሲረገጥ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ከጣውላው ሥር ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሦስት ጠርሙስ

መንገድ ዳር ካለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አሲድ ገዛሁ። ሻጩ «ይሄ ድንጋይም ይበላል» አለኝ። ጠንካራ ነው ማለቱ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። የኛ ቱቦ ከምን እንደተሠራ ለራሴ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሠራ። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ዘጋ። ሁለተኛውን አፈሰስኩ፤ ሦስት ቀን ቆየ። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። መድኃኒት በየጊዜው እያነሰ የሚሠራ ከሆነ በሽታው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ሦስተኛውን ገዛሁ።

በዚያ ቀን እናቴ ሲንኩ ሸተታት ብላ ጠዋት በረኪና አፍስሳበት ነበር። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አሲዱን ስጨምርበት ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ከሲንኩ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እናቴ ግን ሽንኩርቷን በጎድጓዳ ሳህን ይዛ እዚያው አጠገቤ ነበረች። አንድ ሁለት ትንፋሽ ሳበችው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ወታደሮች የተጨፈጨፉበት መርዝ ያው ጋዝ ነው። እኔ በሰባ ሦስት ዓመት እናቴ ኩሽና ውስጥ ለቀቅኩት።

ሐኪም ቤት ወስጃት በሁለት ሦስት ቀን ተሻላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ግን መጀመሪያ ለዚህ ነው። በብዙ ቤት በረኪናና አሲድ እዚያው ሲንክ ሥር አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እባካችሁ ለዩአቸው። ዛሬውኑ ለዩአቸው።

ተከፈተ የተባለው

ከአሲዱ በኋላ ሰው ጠራሁ። የመጣው ወጣት ፌሮ ይዞ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል በኃይል ገፋ፣ ጎተተ፣ መልሶ ገፋ። ከመሬት ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ውሃው ወዲያው ወረደ። «ተከፈተ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከጠየቀው በላይ ከፈልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት የእናቴ መኝታ ክፍል ጣውላ ማበጥ ጀመረ። ቁም ሳጥኑ ሥር ያለው ግድግዳ ረጠበ። ክፍሉ ሸተተ። ውሃው የወረደው ቱቦው ስለተከፈተ አልነበረም። ቱቦው ስለተሰበረ ነበር። መውጫ ያጣው ቆሻሻ ከቤታችን መሠረት ሥር አዲስ መንገድ አገኘ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን በእጅ ተለቅሞ የሚያልቅ አልሆነም።

ያኔ ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ይዞ መጣ። እህቴ ጉድጓዱ ሞልቶ ይሆናል፣ መጣጭ መኪና እንጥራ አለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮስቲክ ሶዳ በፈላ ውሃ በጥብጠህ ድፋው አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ከታች ካለው ላቫጆ ማሽኑን ተከራይተን እናምጣው፣ በግፊት ጠራርጎ ያወጣዋል አለ። ሁሉም ከልባቸው ነው። ሁሉም ያሉት ነገር አንድ ቦታ ላይ ትክክል ነው። ጥያቄው የኛ ቤት ያ ቦታ ነው ወይ የሚለው ነበር።

በኋላ ሳጠና ያወቅኩትን እዚህ ላይ ልናገር። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ውሃን በ100 ባርና ከዚያ በላይ ግፊት ይረጫል። በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ ነው። ልዩነቱን አስቡት። ጤነኛ ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ የግፊት ውሃ፣ ለዚሁ በተሠራ አፈሙዝና በሚያውቅ ሰው እጅ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለ ማጽጃ ነው፤ የቱቦውን ግድግዳ ዙሪያውን ያጥበዋል። የድሮ የሲሚንቶ ቱቦ ግን አጫጭር ቁራጭ እየተገጣጠመ በቡኬት የተለሰነ ነው። መገጣጠሚያው ከተከፈተ የግፊቱ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣና ቱቦው የተኛበትን አፈር ይጠርጋል። ከሥሩ አፈር የሸሸው ቱቦ ይሰምጣል። ዛሬ ጸድቶ በሚቀጥለው ክረምት ይደረመሳል።

የፈላ ውሃም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያም ቢሆን ለፒቪሲ ብዙ ነው። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተሠራም፤ 80 አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። በአንድ ወቅት ግማሹ የታደሰ ቤት ደግሞ ሲንኩ ሥር ፒቪሲ፣ ከግድግዳው ወዲያ ብረት፣ ከውጭ ሲሚንቶ ሊኖረው ይችላል። የኛ ልክ እንደዚያ ነበር። ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ይጎዳል። አሲዱም ፒቪሲውን ብዙ ሳይነካ አልፎ ሲሚንቶውን ሲበላ ነበር የከረመው። ሻጩ ድንጋይ ይበላል ያለኝ እውነቱን ነው።

«አጥሩ መጣ'ኮ»

ሁለተኛው ባለሙያ የመጣው ኅዳር 11 ቀን ነው። ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ እናቴ በየዓመቱ ትዘክራለች። ዶሮው ታርዷል፣ ሽንኩርቱ እየተላጠ ነው፣ ቅቤው ምድጃ ላይ ነው። ሲንኩ ግን በጨርቅ ታስሯል። የቤቱ ሴቶች የዶሮውን እጣቢ በባልዲ እያወጡ ከበር ውጭ ይደፉ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሽንት ቤቱን ምን እንደምናደርገው የሚያውቅ የለም።

ሰውዬው ዕድሜው አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ማሽኑን ከመኪናው አላወረደም። መጀመሪያ ጠየቀ። ቤቱ መቼ ተሠራ? መቼ ታደሰ? የዘጋው ሲንኩ ብቻ ነው ወይስ ሻወሩም? ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ሻወሩ ወለል ላይ ድምፅ ትሰማላችሁ? እኔ ገረመኝ። አዎ፣ ይንቆረቆራል። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ ምልክት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ከሲንኩ አይደለም» አለኝ። «አየሩ መውጫ አጥቶ ነው በሻወሩ የሚመለሰው። ከሁሉም በታች ያለው ዋናው መስመር ነው የታመመው።»

ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ በፊት የሚገኘውን ማንሆል ከፈተ። ደረቅ ነው። ጉድጓዱንም አየው፤ ገና አልሞላም። የእህቴ ሐሳብ በዚህ ቀረ። መጣጭ መኪና ብንጠራ ኖሮ ገንዘቡን ከፍለን ችግሩ እዚያው ነበር የሚጠብቀን። ቀጥሎ እኔን ባልዲ አስያዘኝ። ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ አንድ ጊዜ ድፋ አለኝ። እሱ ማንሆሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልደረሰም። ከእጅ መታጠቢያው ድፋ። ምንም። ውሃው ከቤት ይወጣል፣ ማንሆሉ ጋ አይደርስም። መሃል ላይ አንድ ቦታ ይጠፋል።

«መስመሩ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ፕላን አላችሁ? የለንም። ከሽንት ቤቱ እስከ በሩ ማንሆል በዓይኔ ቀጥ ያለ መስመር ስቤ «በዚህ ይሆናል» አልኩት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። በግምት ግቢ አልቆፍርም አለ።

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ብላ አይታን «ምን ጠፋችሁ?» አለች።

«እማማ፣ የቱቦውን መንገድ ነው» አላት ሰውዬው። «የተቀበረበትን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ» አለች።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ምርኩዟን አንስታ ከደረጃው ወረደች። ከመኝታ ክፍሏ መስኮት ሥር ቆማ የምርኩዙን ጫፍ መሬት ላይ አሳረፈች፤ እየጎተተች መሄድ ጀመረች። አፈሩ ላይ መስመር ይቀራል። ወደ በሩ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ፣ ወደ አጥሩ ሄደች። ሰውዬው ዝም ብሎ ተከተላት። እኔም ተከተልኩ። አጥሩ ሊደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው፣ ጤና አዳሟን የተከለችበት መደብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምርኩዙን ወደ ግራ አዞረችው።

«እዚህ ጋ ይታጠፋል።»

«ለምን ይታጠፋል እማዬ?» አልኳት። «በሩ እኮ በዚያ ነው።»

አየችኝ። «አጥሩ መጣ'ኮ» አለች።

ከዚያ ነገረችን። አያቴ ቤቱን ሲያሠሩ የፍሳሽ ጉድጓዱ ከኋላ ነበር፤ ከሰርቪስ ቤቶቹ ጀርባ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለኛ ዋናው ቤት ቀረ፤ ከኋላ ያሉት ሰርቪሶች የቀበሌ ሆኑ። ሰው ገባባቸው። ግቢው መሃል ለመሃል በቆርቆሮ ታጠረ። የፍሳሽ ጉድጓዳችን ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። ለጥቂት ዓመታት እንደዚያው ሠራ፤ ሁለቱም ግቢ በአንድ ጉድጓድ። በ1971 ሲሞላና ጠብ ሲመጣ አባቴ ከፊት ለፊት አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረ። ቱቦውን ከአጥሩ ሥር ቆርጦ ወደ ግራ አስጠመዘዘው። «አንተ ሆዴ ውስጥ ነበርክ» አለችኝ። «እዚች ጋ ቆሜ ነው ሲሠሩ ያየኋቸው። መታጠፊያው ላይ ሳጥን ሠርተው በድንጋይ ከደኑት። አፈሩ ቀስ በቀስ ለበሰው። እኔም ጤና አዳም ተከልኩበት።»

ሰውዬው ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እማማ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀዎትም?» አላት።

«ማን ይጠይቀኛል ልጄ» አለች። ቅሬታ አልነበረባትም። ለእኔ የከበደኝም እሱ ነው። አንድ ወር ሙሉ ሻጭ ጠየቅኩ፣ ባልደረባ ጠየቅኩ፣ ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ሌሊት ስልኬ ላይ ስፈልግ አደርኩ። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ያለችውን እናቴን አልጠየቅኩም። ምናልባት ቱቦ የወንድ ጉዳይ ነው ብዬ ይሆናል። ምናልባት አርጅታለች ብዬ ይሆናል። ሁለቱንም በቃል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ግን ከዚያ ውጭ ምክንያት ሳስብ አጣለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ

ጤና አዳሙን ከነአፈሩ አነሳነው። እናቴ ሥሩ እንዳይነካ ቆማ ተቆጣጠረች። አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል እንደተቆፈረ አካፋው ድንጋይ መታ። ክዳኑ ልክ እሷ ያለችበት ቦታ ነበር።

ሲከፈት ያየሁትን አልረሳም። ሳጥኑ ጥግ እስከ ጥግ በነጭ ግራጫ ነገር ተሞልቷል። እንደ ሞራ የጠነከረ ነው። ቅቤ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የቡና አተላ፣ የሊጥ ዝቃጭ፣ በላይ በላዩ ተደራርቦ የተጋገረ። በመሃሉ ፀጉር የሚመስል ቀጫጭን ሥር ተሰግስጓል። ከአጥሩ ወዲያ ወፍ ዘርታው የበቀለ ሾላ አለ። የሱ ሥር ነው። ዛፍ ጤነኛ ቱቦን በስቶ አይገባም። መገጣጠሚያው ሲሰነጠቅ ከሚወጣው እርጥበት ተስቦ በክር በሚያክል ቀዳዳ ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ይወፍርና ስንጥቁን ያሰፋል። ከውስጥ ደግሞ ወንፊት ይሆናል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል።

ውሃ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። በድንገት ሲታጠፍ ይዳከማል፣ የያዘውንም ይጥላል። በ1967 የመጣ አጥር በ1971 ቱቦ አጠፈ። በዚያ እጥፋት ላይ የአርባ ስድስት ዓመት ወጥ ተቀመጠ። የትኛውም ጠርሙስ ይህን አይደርስበትም። አሲዱ ከሲንኩ እዚህ እስኪደርስ ዐሥራ ምናምን ሜትር አለ። መንገድ ላይ ያገኘውን የሲሚንቶ ቱቦ ወለል ሲበላ ቆይቶ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ኮስቲክ ሶዳም ቢሆን ትኩሱን ቅባት ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ያ ሳሙና ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጋገራል።

ሰውዬው የተጠቀመበት ዘዴ ከሁሉም ቀላሉ ነበር። በአጭር አካፋና በእጅ። ጓንት አጥልቆ፣ አፉን ሸፍኖ፣ በባልዲ አወጣው። ሰባት ባልዲ ሆነ። ከዚያ ጥቅል ሽቦውን አመጣ፤ ጫፉ ላይ ስለቱን ሳይሆን ለስላሳውን ራስ ገጠመ። ከሳጥኑ ወደ ቤቱ፣ ከዚያ ከሳጥኑ ወደ በሩ ቀስ እያለ አሽከረከረው። ፌሮ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ቱቦውን ይወጋል፤ ጥቅል ሽቦ ግን ከቱቦው ጋር ይታጠፋል። ሥሩን በአጭር መጋዝ ቆረጠ። «ይሄ ጊዜ መግዣ ነው» አለኝ። «ሥር ተቆርጦ አይቀርም፤ ይመለሳል። ይህችን ሦስት ሜትር መቀየር አለባችሁ።»

አብሮት የመጣው ልጅ ወደ ትልቁ ጉድጓድ ወርዶ የመግቢያውን አፍ ላጽዳ ብሎ ነበር። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ከለከለው። ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው እንኳ አይታወቅም። አንዱ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባው ይደገማል። ማንም ሰው ለማንም ቤት ብሎ እዚያ መግባት የለበትም።

ጨለምለም ሲል እንደገና ባልዲ ያዝኩ። ሽንት ቤቱ ላይ ደፋሁ። ከበሩ ማንሆል ሰውዬው «መጣ!» አለ። እናቴ ደረጃው ላይ ሆና እልል አለች።

የወጥ ቤታችን ነገር

በሚቀጥለው ሳምንት ካሜራ ያለው ሰው አስመጣን፤ ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ትንሽ መብራትና ካሜራ ያለው። ከጸዳ በኋላ መታየቱ ይሻላል፤ ቆሻሻ ውስጥ ካሜራ ቆሻሻ ብቻ ነው የሚያሳየው። የኔን አሲድ መንገድ በዓይኔ አየሁት። የቱቦው ወለል ተቦርቡሮ ጠጠሩ ወጥቷል። የወጣቱ ፌሮ የሰበረውም ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ሥር እዚያው አለ። የቱቦው ጣሪያም ቢሆን የተበላ ነው፤ ያ ግን የኔ ሥራ አይደለም። ከፍሳሹ የሚነሳው ጋዝ እርጥቡ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል። የሲሚንቶ ቱቦ በዕድሜው ከላይም እንደሚበላ ያወቅኩት ያኔ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት ለሰው ብቻ አይመስለኝም። ከቤቱ ሥር ያለውንና እጥፋቱን በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቀየርን። ለአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ስለታም መታጠፊያው ቀርቶ በሁለት ለዘብ ያሉ ጥምዞች ዞረ። ሳጥኑ ግን አለ፤ አሁን ክዳኑ ከመሬት በላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳስብ እከርማለሁ። ይህ ቤት ሲሠራ ቱቦው የታሰበው ውሃ ቀን ከሌት እንደሚኖር ተደርጎ ነው። እኛ አሁን ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። በሌላው ቀን ከሮቶ እየቆጠብን፣ በጆግ እየቀዳን ነው የምንኖረው። ሰሃን በትንሽ ውሃ ይታጠባል። ያ ትንሽ ውሃ ቅባቱን ከሲንክ ያወርደዋል እንጂ እስከ ጉድጓዱ አያደርሰውም። መንገድ ላይ ትቶት ያልፋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤ እስኪነጋ ይረጋል። ስለዚህ ቁጠባው ራሱ ይዘጋናል። እኛ ቤት አሁን ውሃ በመጣ ቀን ሁለት ሙሉ ባልዲ በአንድ ጊዜ፣ አንዱን ከሲንክ አንዱን ከሽንት ቤት እንለቃለን። ፒቪሲው እንዳይጎዳ ለሲንኩ የሚለቀቀው እጅ የሚችለው ሙቅ ነው።

የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በእንጀራ ቁራጭ ወይም በወረቀት ይጠረጋል። የቡና አተላው ለጤና አዳሙ ይሄዳል። የሊጥ ዕቃ ሲታጠብ የመጀመሪያው እጣቢ ግቢ ይደፋል። አብሽና ተልባ ደግሞ ውሃ ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አሲድ ቤታችን አይገባም። በረኪናም ቀንሰናል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱን የሚገድል ነገር እየደፋን ጉድጓዱ ቶሎ ሞላ ማለት አንችልም። ሲንኩ ብቻ ሲዘገይ ሲፎኑን ሥሩ ባልዲ አድርጌ በእጄ እፈታዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለትና ከዚያ በላይ አንድ ላይ ሲዘገዩ ግን ከሲንኩ ርቄ ወደ ሳጥኑ እሄዳለሁ።

ዝክሩ ኅዳር 12 ቀን በሰዓቱ ሆነ። ጠዋት በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል ጭሱ ግቢያችን ድረስ ገባ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቁትን እያሰበ ሰፈሩን የሚያጸዳ ሕዝብ። እናቴ በጭሱ ትንሽ ሳለች። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ምን ሆነሃል፣ ጭስ ነው» ብላ አስቀመጠችኝ።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሜትር ይዤ ግቢውን ለካሁ። መስመሩን ወረቀት ላይ አነሳሁት፦ መኝታ ክፍሉ፣ ሳጥኑ፣ እጥፋቱ፣ የበሩ ማንሆል፣ ጉድጓዱ፣ ሜትሩ ሁሉ ተጽፎ። የትኛው ፒቪሲ፣ የትኛው የድሮው ሲሚንቶ እንደሆነ በቀለም ለየሁ። በላስቲክ ሸፍኜ ሲንኩ ሥር ካለው ቁም ሳጥን በር ውስጥ ልለጥፈው ነበር። መጀመሪያ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ እስክሪብቶ ስጠኝ አለችኝ። ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ክብ አደረገች።

«የአያትህ ጉድጓድ» አለች። «እዚህ ነው። ይህንንም ጻፈው።»